ጣሊያንኛን ጣሊያን ሄዶ ለመማር ስድስት ወር ይበቃል? ሮም ወይስ ፔሩጃ?

ጥያቄ፦ የመካኒኩ ልጅ (አዲስ አበባ)

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ነኝ፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ አራት ዓመት ሆኖኛል። የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥገናን በሁለተኛ ዲግሪ ለመማር አስቤ ጣሊያን ውስጥ አንድ ፕሮግራም መርጫለሁ። ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ በጣሊያንኛ የሚሰጥ በመሆኑ ከኤ1 ተነሥቶ በኤ2፣ በቢ1፣ በቢ2 እያለ እስከ ሲ2 በሚወጣው የአውሮፓ መለኪያ ቢ2 የሚባለውን የቋንቋ ደረጃ በምስክር ወረቀት ማረጋገጥ ይጠበቅብኛል። ስለዚህ አስቀድሜ በጣሊያን ሀገር በሚገኝ የቋንቋ ትምህርት ቤት ገብቼ ለመማር አቅጃለሁ፤ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ግን ከስድስት ወር ክፍያና ኑሮ አያልፍም።

አሁን ያለኝ ጣሊያንኛ ከአባቴ ጋራዥ የሰማሁት ብቻ ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቸርኬ፣ ባሌስትራና ካቻቢቴ የሚሉትን ቃላት እየሰማሁ ባድግም አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ መመሥረት አልችልም። በዚህ መነሻ በስድስት ወር ቢ2 መድረስ ይቻላል? ከዚህ በላይ የሚያስጨንቀኝ ደግሞ የከተማ ምርጫ ነው። አክስቴ ሮም ትኖራለች፤ እርሷ ዘንድ ተቀምጬ እዚያው እንድማር ጋብዛኛለች፤ ይህም የቤት ኪራይ ያድንልኛል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን ፔሩጃ ወይም ሲዬና ካልሆነ አትሂጂ ይለኛል። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ሰዎች የምታውቁትን ብትነግሩኝ፣ የመኖሪያ ፈቃዱንም ጉዳይ ጨምራችሁ ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ የኮረብታው ተማሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽ የራሴን የመጀመሪያ ወራት ስላስታወሰኝ በዝርዝር ልመልስልሽ። ፔሩጃ ወደሚገኘው የውጭ ዜጎች ዩኒቨርሲቲ የሄድኩት «ቦንጆርኖ» ከማለት ያለፈ ነገር ሳላውቅ ነበር። ስድስት ወር ተምሬ ስጨርስ የደረስኩት ቢ1 ላይ ነው፤ ቢ2ን የያዝኩት ለተጨማሪ ሦስት ወር ከፍዬ ነው። ከምንም ተነሥተው በስድስት ወር ቢ2 የደረሱ ተማሪዎች አልነበሩም አልልም፤ እኔ የማውቃቸው ግን አፋቸውን በስፓኒሽ ወይም በፖርቱጋልኛ የፈቱ የላቲን አሜሪካ ልጆች ነበሩ።

እስካሁን የሚቆጩኝ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ናቸው። ቁጥር ለመቁጠር፣ የሳምንቱን ቀናት ለማወቅ፣ የአሁን ጊዜ ግሥ ለማርባት በዩሮ የቤት ኪራይ እየከፈልኩ ተቀመጥኩ፤ ይህን ሁሉ አዲስ አበባ በጣሊያን የባህል ተቋም ተምሬ መምጣት እችል ነበር። ጣሊያን ሀገር ካልሄዱ የማይገኘው ሌላ ነው፦ ሰው ሲከራከር፣ ሲቆጣ፣ ሲቀልድ፣ በስልክ ሲያወራ፣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ በጥድፊያ ሲጠይቅ መስማትና በዚያው ፍጥነት መመለስ ነው። ይህን ለመስማት ደግሞ መነሻ ያስፈልጋል፤ መነሻ ለሌለው ሰው ሁሉም ጫጫታ ሆኖ ያልፋል። ስለዚህ ምክሬ ቢያንስ ኤ2ን ሀገር ቤት ጨርሰሽ፣ ስድስቱን ወር ከዚያ እንድትጀምሪ ነው።

ስለ ከተማው፣ ፔሩጃን መምረጤን አልጸጸትበትም። የውጭ ዜጎች ዩኒቨርሲቲ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1921 ለባዕዳን መሰጠት የጀመረው ትምህርት ሲሆን ዋናው ሕንፃው ፓላዞ ጋሌንጋ ይባላል። ደጃፉ ላይ ሆነሽ ቀና ስትዪ የምታዪው ከሮማውያን በፊት በዚያ የኖሩትን የኤትሩስካውያንን ቅስት ነው፤ ታችኛው ድንጋይ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዘመን የተሠራ፣ ከላዩ ደግሞ «አውጉስታ ፔሩሲያ» የሚል የሮማውያን ጽሑፍ የተቀረጸበት ነው። ለአንቺ ሙያ ይህ ራሱ ክፍል ነው።

ለቋንቋዬ ከክፍሉ ይልቅ የጠቀመኝ ግን ወጥ ቤቱ ነው። በከተማው እ.ኤ.አ. በ1308 የተመሠረተ ሌላ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ስላለ ከደቡብ የሚመጡ ብዙ ጣሊያናውያን ተማሪዎች ቤት ተጋርተው ይኖራሉ። በየግድግዳው ላይ ስልክ ቁጥር የተጻፈባቸው፣ ከታች በቀጭን በቀጭን የተቀደዱ ማስታወቂያዎች ይለጠፋሉ። የመጀመሪያውን ወር ከሀገሬ ልጆች ጋር ከኖርኩ በኋላ ከእነዚያ ወረቀቶች አንዷን ቀድጄ ደወልኩና ከፑልያ፣ ከካላብሪያና ከሲቺልያ ከመጡ ሦስት ልጆች ጋር ገባሁ። ማታ ማታ ፓስታው በየትኛው ደቂቃ ከእሳት ይውጣ በሚለው ላይ ሲከራከሩ እኔም አስተያየት መስጠት ነበረብኝ፤ አስተያየት የሚሰጥ ሰው ደግሞ «ይመስለኛል» ከማለት አያመልጥም። ተማሪ ሁሉ የሚፈራው ኮንጁንቲቮ የሚባለው የግሥ ዓይነት የሚመጣው እዚያ ላይ ነው፤ እኔ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚያ ድስት አጠገብ ነው የለመድኩት።

መልስ 2፦ እማማ ከሮም

ልጄ፣ ሮም ስኖር ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛልና የአክስትሽን ግብዣ በተመለከተ እኔ ልናገር፤ አክስትሽም እንደማትቀየመኝ ተስፋ አደርጋለሁ። የእህቴ ልጅ ለመማር መጥታ ቤቴ አራት ወር ተቀምጣ ነበር። ጠዋት ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት አማርኛ ነው፣ ስልኩም አማርኛ ነው፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያንም አማርኛ ነው። በአራተኛው ወር ፋርማሲ ሄጄ የራስ ምታት መድኃኒት እንድገዛላት ጠየቀችኝ። ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም፤ በፍቅር ተንከባክቤ ምላሷን ያሰርኩባት እኔ ነኝ። ከፔሩጃ ሮም በባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ በበዓልና በየወሩ መጨረሻ ወደ አክስትሽ እየመጣሽ እንጀራሽን ብትበዪ ይሻልሻል። ሮምም ሆነች ፍሎሬንስ ቱሪስት የሞላባቸው ስለሆኑ፣ መሐል ከተማ ያለ አስተናጋጅ ትንሽ ስትደናቀፊ ሲያይ ቶሎ በእንግሊዝኛ ይመልስልሻል። ሊረዳሽ ብሎ ነው፤ ነገር ግን ልምምድሽን ይወስድብሻል።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ከ90 ቀን በላይ ለሚቆይ ትምህርት የረጅም ጊዜ የትምህርት ቪዛ ያስፈልግሻል። ከገባሽ በኋላ በስምንት የሥራ ቀናት ውስጥ ፐርሜሶ ዲ ሶጆርኖ ለሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት አለብሽ። የማመልከቻውን ፖስታ ከፖስታ ቤት በነጻ ትወስጃለሽ፤ ሞልተሽ፣ ማርካ ዳ ቦሎ የሚባለውን የ16 ዩሮ ቴምብር ለጥፈሽ እዚያው ታስገቢያለሽ፤ ሌሎች ክፍያዎችም ስላሉት ገንዘብ ያዢ። የሚሰጡሽን ደረሰኝ እንደ ፓስፖርትሽ ጠብቂው፤ ካርዱ እስኪወጣ ድረስ ማስረጃሽ እርሱ ነው። በደረሰኙ ላይ በተጻፈው ቀን ኩዌስቱራ ወደሚባለው የፖሊስ መሥሪያ ቤት ሄደሽ አሻራ ትሰጫለሽ። ኮዲቼ ፊስካሌ የሚባለው የግብር ቁጥር ቤት ለመከራየትም ሆነ የስልክ ካርድ ለማውጣት ስለሚጠየቅ ቶሎ አውጪው፤ በግብር መሥሪያ ቤቱ በነጻ ይሰጣል። የምታርፊበት ቤት ባለቤትም እንግዳ መቀበሏን በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ አለባት፤ ይህን ብዙ የእኛ ሰዎች ይዘነጉታል።

ትምህርት ቤት ስትመርጪ ደግሞ ከእኔ ስሕተት ተማሪ። እኔ ሥራ እየሠራሁ በማታ የተመዘገብኩበት አንድ የግል ትምህርት ቤት የተማሪ ቁጥር ሲያንስበት ጀማሪዎችንና እኛን አንድ ክፍል አደረገን፤ ሁለት ወር ሙሉ «ስምሽ ማን ይባላል» ስንል ከረምን፤ ገንዘቡም አልተመለሰም። ከመክፈልሽ በፊት በአንድ ክፍል ስንት ሰው እንደሚቀመጥ፣ የደረጃ ፈተና መኖሩን፣ ደረጃሽ በቂ ተማሪ ቢያጣ ምን እንደሚደረግ በጽሑፍ ጠይቂ። «በሳምንት 20 ሰዓት» ሲሉሽም ሰዓታቸው 60 ደቂቃ ይሁን 45 አጣሪ፤ ልዩነቱ በሳምንት አምስት ሰዓት ይሆናል።

እኔ ጣሊያንኛን በወጉ የተማርኩት በመጨረሻ ሳንት ኤጂዲዮ የሚባለው ማኅበር ሮም ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ለስደተኞች በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ነው። ቺፒያ የሚባሉት የመንግሥት የጎልማሶች ማዕከላትም አሉ። እነዚህ እዚህ ለሚኖር ሰው እንጂ ቪዛ ለሚጠይቅ ሰው የተዘጋጁ አይደሉም፤ ነገር ግን እዚህ ያሉ ወገኖቻችንም ይህን ያነቡ ይሆናልና ብጠቅሳቸው አይከፋም።

መልስ 3፦ ሰዋስው ወዳድ

ለጠያቂዋ፤ ከላይ የተሰጡት ምክሮች ትክክል ናቸው፤ እኔ የምጨምረው ኤ2ን ሀገር ቤት ሲጨርሱ በየትኛው በር ቢገቡ እንደሚቀልዎት ነው። ለዓመታት ጣሊያንኛን ለአማርኛ ተናጋሪዎች ሳስተምር ያየሁት ትልቁ መሰናክል ተማሪው በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ ለመግባት መሞከሩ ነው። የመማሪያ መጻሕፍቱም የእንግሊዝኛ ተናጋሪን ችግር እያሰቡ የተጻፉ ይበዛሉ። እርስዎ ግን በቀጥታ ከአማርኛ ቢነሡ ብዙው መንገድ የተጠረገ ሆኖ ያገኙታል።

ጣሊያናዊ ሰው ሲናፍቀው «ሚ ማንካ» ይላል። የሚናፈቀው ሰው ባለቤት፣ የሚናፍቀው ሰው ተሳቢ ነው፤ እኛ «ናፈቀኝ» ስንል የምናደርገውም ይህንኑ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን ለመልመድ ወራት ይወስድበታል። «ሚ ፒያቼ» ደግሞ ከ«ይጥመኛል» ጋር አንድ ነው። «ስጠኝ» ለማለት «ዳሚ»፣ «ንገረኝ» ለማለት «ዲሚ» ይባላል፤ «ሚ»ው ከግሡ ኋላ እንደኛው «ኝ» ተጣብቆ መቅረቱን ያስተውሉ። የአክብሮቱም አነጋገር አይከብድዎትም፤ እኛ አንዱን ሰው «እርስዎ ይመጣሉ» ብለን በሦስተኛ መደብ እንደምናከብር፣ እነርሱም «ሌይ» ብለው ግሡን በሦስተኛ መደብ ያረባሉ። «ደረስኩ፤ ይዘንብ ነበር» በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ በ«ደረስኩ»ና በ«ይዘንብ ነበር» መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ፓሳቶ ፕሮሲሞና ኢምፐርፌቶ በሚባሉት ሁለት ኀላፊ ጊዜያት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጸጋዎ ግን ማጥበቅና ማላላት ነው። እኛ «ገና» ስንል «ና» ሲጠብቅ በዓሉ፣ ሲላላ «ገና አልመጣም» የምንለው ነው፤ «አለ»ም እንዲሁ። በጣሊያንኛ «ሴቴ» ላልቶ ሲነገር ጥማት፣ «ቴ» ጠብቆ ሲነገር ሰባት ነው። «ኖኖ» ላልቶ ዘጠነኛ፣ ጠብቆ አያት ነው። «ካፔሎ» ውስጥ «ፔ» ከላላ ጠጉር፣ ከጠበቀ ባርኔጣ ይሆናል። አብዛኛው የውጭ ተማሪ ይህን ልዩነት በጆሮው መለየት ያቅተዋል፤ የእርስዎ ጆሮ ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲለየው ኖሯል። ልዩነቱ የእኛ ፊደል ጥብቀትን አለማሳየቱ፣ የእነርሱ ግን ፊደሉን ሁለት ጊዜ መጻፉ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት የጣሊያንኛ ቃላትን በደብተርዎ ላይ በፊደላችን እየጻፉ እንዳያጠኑ አጥብቄ አሳስባለሁ፤ ያለዎትን ብልጫ በገዛ እጅዎ ይሰውሩታል።

ሁለት ወጥመዶችን ብቻ ልጥቀስ። በአማርኛ «ሄጃለሁ» ሲባል ተናጋሪው ወንድ ይሁን ሴት አይለይም፤ በጣሊያንኛ ግን ወንድ «ሶኖ አንዳቶ»፣ ሴት «ሶኖ አንዳታ» ማለት አለባት። ሴት ተማሪዎቼ ወንድ መምህራቸውን እየሰሙ በወንድ ሲናገሩ ብዙ ጊዜ አግኝቻለሁ፤ ይህ ደግሞ አንዴ ከተለመደ ለማረም አስቸጋሪ ነው። ሁለተኛው በላቲን ፊደል የተጻፈውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ልማድ ማንበብ ነው። ጥርጣሬ ሲገባዎት ማኪያቶን (macchiato) ያስቡ፦ አጻጻፉ በእንግሊዝኛ ዓይን ሲታይ «ች» የሚያሰኝ ቢሆንም ሁላችንም «ኪ» ብለን በትክክል እንጠራዋለን፤ በዚያ ዓይነት የተጻፈው ሌላውም ቃል እንደዚያው ይነበባል።

የጠያቂዋ ምላሽ፦ የመካኒኩ ልጅ

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እማማ፣ እርስዎ የጻፉትን ለአክስቴ በስልክ አነበብኩላት፤ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «እውነታቸውን ነው፣ ግን ፋሲካን እኔ ዘንድ ትውያለሽ» አለችኝ። ስለዚህ ፔሩጃን ወይም ሲዬናን እመርጣለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ኤ2ን እዚህ እጨርሳለሁ። ጌታዬ ሰዋስው ወዳድ፣ አባቴን ስለ ቃላቱ ጠይቄው ነበር። ካቻቢቴ ማለት «ቪቴ» የሚባለውን ጥምዝ ምስማር የሚያወጣ ማለት መሆኑን ሳስረዳው፣ አርባ ዓመት ሙሉ በእጁ የያዘውን ዕቃ እንደ አዲስ አገላብጦ አየው። አሁን የቀረኝ ጥያቄ የፈተናው ነው። ቼሊ፣ ቺልስና ፕሊዳ የሚሉ ስሞችን አያለሁ፤ የትምህርት ቤቱ የምስክር ወረቀት ብቻውን አይበቃም ማለት ነው?

መልስ 4፦ ከሲዬና

እኅቴ፣ አይበቃም። ትምህርት ቤቱ ሲጨርሱ የሚሰጠው ወረቀት መማርሽን የሚመሰክር ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚፈልጉት ደረጃሽን የሚመሰክረውን ነው። ይህን የሚሰጡትና በመንግሥት ዘንድ እውቅና ያላቸው አራት ናቸው፤ የፔሩጃው የውጭ ዜጎች ዩኒቨርሲቲ ቼሊን፣ የሲዬናው ቺልስን፣ እ.ኤ.አ. በ1889 የተመሠረተው የዳንቴ አሊጊዬሪ ማኅበር ፕሊዳን፣ ሮማ ትሬ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የራሱን ፈተና ይሰጣሉ። ለቢ2 የምትፈልጊው ቼሊ 3 ወይም ቺልስ ዱዌ (ሁለት) የሚባለውን ነው። የቼሊ ቁጥር ከደረጃው ስም ጋር ስለማይገጥም ተሳስተው የተመዘገቡ አውቃለሁ።

እኔ ቺልስን የመረጥኩት አምስት ክፍል ስላለው ነው፦ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ የቋንቋው መዋቅር፣ መጻፍና መናገር። በአንዱ ክፍል ብትወድቂ ያለፍሽባቸው ለ18 ወር ይያዙልሻል፤ የወደቅሽበትን ብቻ ደግመሽ ትፈተኛለሽ። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ማዳመጥ ላይ ወድቄ በሁለተኛው አልፌአለሁ። ምክንያቱንም አውቀዋለሁ፤ የሲዬና ሰዎች በሁለት አናባቢ መካከል ያለውን «ክ» ወደ «ህ» ስለሚያላሉት፣ «ላ ካሳ» የሚለውን «ላ ሃሳ» እያሉ ሲናገሩ ጆሮዬ እነርሱን ለምዶ፣ በቴፕ የሚሰማው የሰሜን ሰው አነጋገር ፈጥኖ አልገባኝም። ሲዬናን ብትመርጪ ማታ ማታ ሬዲዮ አዳምጪ። ከዚህ በቀር ግን በንግግራቸው ንጽሕና የሚኮሩ፣ ስትሳሳቺ በትዕግሥት የሚያርሙ ሰዎች ናቸው፤ በጁላይና በኦገስት ሰፈሮቹ በሚወዳደሩበት የፈረስ ግልቢያ የየሰፈራቸውን ታሪክ ጠይቀሽ ብታስጀምሪያቸው ለሁለት ሰዓት ያለ ክፍያ ትማሪያለሽ።

መልስ 5፦ የኮረብታው ተማሪ

አንድ ነገር ልጨምር። ፈተናዎቹ በዓመት ውስጥ በተወሰኑ ቀናት ብቻ የሚሰጡ ሲሆን ምዝገባቸው ከፈተናው ቀን አስቀድሞ ይዘጋል፤ ውጤቱም ለመውጣት ወራት ይወስዳል። ስለዚህ አቆጣጠርሽን ከመጨረሻው ጀምሪ፦ ዩኒቨርሲቲው ሰነድ የሚቀበልበትን የመጨረሻ ቀን ያዢ፣ ከእርሱ ለውጤት መጠበቂያ ወራትን ቀንሺ፣ የፈተናውን ቀን አግኚ፣ ከዚያ ስድስት ወር ወደ ኋላ ስትቆጥሪ ፔሩጃ መግባት ያለብሽን ቀን ታገኛለሽ። ለሁለተኛ ዲግሪው የሚደረገው ቅድመ ምዝገባ ዩኒቨርሲታሊ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ በኩል የሚያልፍ ሌላ ሂደት ነው፤ የቋንቋ ትምህርት ቪዛሽ ወደ ዩኒቨርሲቲው በራሱ ያሻግረኛል ብለሽ አታስቢ። እዚያው ሆነሽ ፈቃድሽን መቀየር ትችዪ እንደሆነ ወይም ለአዲስ ቪዛ ሀገር ቤት መመለስ እንዳለብሽ ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት ከኤምባሲውና ከዩኒቨርሲቲው በጽሑፍ አረጋግጪ። ለመመለሻ የሚሆን ገንዘብም ከስድስት ወሩ ቆጠራ ውጪ ለብቻው አስቀምጪ።